ሮምን በእግር ለማየት መጀመሪያ ምሳችሁን አስቡ

ሮም ሰፊ ከተማ ናት፤ እንግዳ የሚዞርበት መሀሏ ግን ትንሽ ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እስከ ኮሎሲየም ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጥንት ቤተ ጣዖት ከነበረው፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ከሆነው ከፓንቴዮን እስከ ፒያሳ ናቮና አምስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ "ምን ምን ልይ?" ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ። በእግር እስከሄዳችሁ ድረስ ሳትፈልጉትም ፊታችሁ ይመጣል።

ቀኑን የሚያበላሸው ረሃብ ነው። በተለይ ያለ ሰዓቱ የመጣ ረሃብ። የሮም ደህና ምግብ ቤቶች ቀኑን ሙሉ አይሠሩም። ምሳ አብልተው ይዘጋሉ፤ እንደገና የሚከፍቱት ለእራት ነው። በመሀል ክፍት ሆነው የምታገኟቸው ቤቶች አብዛኞቹ የሚኖሩት በደከመ ቱሪስት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግራችሁ ዝሎ፣ ሆዳችሁ ጮኾ ከነሱ አንዱ ውስጥ ከገባችሁ የቀዘቀዘ ላዛኛ በልታችሁ ኪሳችሁ ተራቁቶ ትወጣላችሁ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከምሳ ነው የሚጀምረው። የምትበሉበትን ቦታ መጀመሪያ ትመርጣላችሁ። ከዚያ በመሀሉ ያለውን መንገድ በእግራችሁ ትሞሉታላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ሰዓት። እዚህ የጻፍኩት በኛ አቆጣጠር ነው። በሩ ላይ 12:30 የሚል ካያችሁ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። 19:30 ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። የታወቀ ነገር ቢመስልም በስልክ ጠረጴዛ ስትይዙ ይምታታል።

1. ከመሄዳችሁ በፊት

የምትችሉ ከሆነ በኤፕሪልና በሜይ ወይም በኦክቶበር ሂዱ። ኦገስት ለእግረኛ አይመችም። ሙቀቱ አለ፤ በዚያ ላይ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚሉት በዓል ስለሆነ በቤተሰብ የሚተዳደሩት ትንንሽ ምግብ ቤቶች በዚያ ሰሞን ዘግተው ለዕረፍት ይሄዳሉ። እናንተ ደግሞ የምትፈልጉት በትክክል እነዚያን ነው።

ጫማ ላይ አትሟገቱ። የመሀል ከተማው መንገድ ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር የድንጋይ ጡብ የተነጠፈ ነው። ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ቀድሞ የተለመደ ጫማ አድርጉ። ተረከዝ ያለውን እቤት ተዉት። አዲስ ጫማም ለዚህ ጉዞ አይሆንም።

ኮሎሲየም ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ትኬቱ ላይ ስማችሁና የመግቢያ ሰዓታችሁ ይጻፋል፤ ፓስፖርት ያስፈልጋል። ቫቲካንን ከዚህ የእግር ጉዞ ጋር አትቀላቅሉት። የራሱ ቀን ይፈልጋል። ሙዚየሞቹ ከወሩ የመጨረሻ እሁድ በቀር እሁድ እንደሚዘጉም ልብ በሉ።

ሻንጣ ውስጥ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ጨምሩ። ሴቶች ነጠላ ወይም ስካርፍ ያዙ፤ ወንዶችም ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት።

2. ካርታው ላይ ሦስት ነጥብ አድርጉ

ማታ ማረፊያችሁ ቁጭ ብላችሁ የስልካችሁን ካርታ ክፈቱ። ለነገ ሦስት ነጥብ ብቻ ምልክት አድርጉ፦ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ምሳ በአብዛኛው ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ነው። እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አትጠብቁ፤ ሮማውያን ራሳቸው የሚመጡት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሁለቱ ምግቦች መካከል አምስት ሰዓት ያህል አለ። እሱ ነው የእግር ጉዟችሁ።

እኔ ለመጀመሪያ ቀን የምመክረው ዙር ይህ ነው፦ ቁርስ ፓንቴዮን አካባቢ፣ ምሳ ቴስታቾ ገበያ፣ እራት ሞንቲ ሰፈር። አካሄዱ ሁሉ ተደምሮ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለሚከፋፈል ልጅ ይዞም ይሄዳል።

3. ቁርስ፦ ቆማችሁ ጠጡ

እዚያ "ባር" ሲባል መጠጥ ቤት እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ሁሉም ሰው ቡናውን የሚጠጣበት ቤት ነው። አጠጣጡ ሁለት ዓይነት ነው፦ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ወይም ጠረጴዛ ይዞ። ዋጋውም ሁለት ዓይነት ነው። ቆማችሁ የምትጠጡት ኤስፕሬሶ ከአንድ ዩሮ ትንሽ ቢያልፍ ነው። እዚያው ቤት ጠረጴዛ ከያዛችሁ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ፒያሳ ናቮና ላይ ፏፏቴውን እያያችሁ ከተቀመጣችሁማ ሂሳቡን አለመናገር ይሻላል። ማጭበርበር አይደለም፤ የዋጋ ዝርዝሩ ተለጥፏል። ባንኮ የሚለው የቆመ ሰው ዋጋ ነው፤ ታቮሎ የሚለው የተቀመጠ ሰው።

ሰው በሚበዛበት ባር መጀመሪያ ካሳው (ገንዘብ ተቀባዩ) ጋ ሂዱና የምትፈልጉትን ተናግራችሁ ክፈሉ። ስኮንትሪኖ የሚሉትን ደረሰኝ ይሰጧችኋል። እሱን ይዛችሁ ወደ ባንኮኒው ጠጋ በሉ፣ ደረሰኙን አስቀምጡና ትዕዛዙን ድገሙት። ወረፋ የሚመስል ነገር የለም። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ዝም እንዳለ ይቀራል፤ የባሪስታውን ዓይን ያዙ።

የአዲስ አበባ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ይግረመው። ማኪያቶ ብላችሁ ካዘዛችሁ የሚመጣው በትንሽዬ ስኒ ጠቆር ያለ ቡና፣ ጫፉ ላይ የወተት አረፋ ጠብ የተደረገበት ነው። ሁለት ጉንጭ፣ አለቀ። በብርጭቆ የለመዳችሁትን ዓይነት ወተት የበዛበትን ከፈለጋችሁ ካፑቺኖ ወይም ካፌ ላቴ በሉ። "ላቴ" ብቻ ካላችሁ ግን ወተት ነው የሚቀዱላችሁ። ካፑቺኖ የጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ብታዙ ማንም አይከለክላችሁም፤ ባሪስታው ግን አየት ያደርጋችኋል።

ከቡናው ጋር ክሩዋሳን የሚመስለው ኮርኔቶ ይበላል። ሮም ከሆናችሁ ግን ማሪቶትሶ ፈልጉ፤ ለስላሳ ዳቦ መሀሉ ተሰንጥቆ ክሬም የተሞላ። ጾመኛ ከሆናችሁ ይህን አንቀጽ እለፉት፤ ለናንተ የሚሆነው ከታች አለ።

ቦታ ጥሩ ካላችሁኝ ፓንቴዮን አጠገብ ሁለት አሮጌ ቡና ቤቶች አሉ። አንዱ ሳንት ኤውስታኪዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ይሠራል። እዚያ ቡናውን ስኳር ጨምረው ነው የሚሰጡት፤ ስኳር ካልፈለጋችሁ "ሴንሳ ዙኬሮ" በሉ። ሌላው ታሳ ዶሮ ነው። በሙቀት ጊዜ የቡና ግራኒታ፣ ማለት እንደ በረዶ የደቀቀ ቡና፣ ከክሬም ጋር ያቀርባሉ። የኔን ከጠየቃችሁኝ ጠዋት የመጀመሪያው፣ ከሰዓት ሁለተኛው።

4. የጠዋቱ መንገድ

ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ብዙዎቹ እኩለ ቀን ላይ ይዘጉና ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነው የሚከፍቱት። መግቢያ ደግሞ ነጻ ነው። ፓንቴዮን ብቻ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ትኬት ያስከፍላል። ጉልላቱ ስፋቱም ከወለል እስከ ጫፍ ያለው ቁመቱም እኩል 43 ሜትር ገደማ ነው። መሀል ላይ ክፍት ቀዳዳ አለው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይገባል፤ ወለሉ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። ዝናባማ ቀን ከሆነባችሁ አትናደዱ፤ ፓንቴዮን በዝናብ ነው የሚያምረው።

ከዚያ ወደ ናቮና ስትሄዱ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ግቡ። በስተግራ መጨረሻ ላይ ባለው ጸሎት ቤት የሠዓሊው ካራቫጆ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች አሉ። መብራት የሚበራው ሳንቲም ሲከተት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ዝርዝር ያዙ። ሁሉም ሌላው እንዲከት ነው ዝም ብሎ የሚጠብቀው።

ውሃ አትግዙ። ከተማዋ ውስጥ ወደ 2500 የሚጠጉ ናሶኒ የሚባሉ የብረት ቦኖዎች አሉ፤ ቀን ከሌት ይፈስሳሉ፤ ውሃው ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ነው። አጎንብሳችሁ አትታገሉ። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ድፈኑት፤ ውሃው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠቃል፤ ቀና ብላችሁ ትጠጣላችሁ።

ከናቮና ወደ ካምፖ ዴ ፊዮሪ ውረዱ። ገበያው ድሮ የሰፈሩ ሰው አትክልት የሚገዛበት ነበር፤ ዛሬ ለቱሪስት የታሸገ ቅመም በዝቶበታል። ጥግ ላይ ያለው ፎርኖ (ዳቦ ቤት) ግን ዛሬም ደህና ነው። አንድ ቁራጭ ፒዛ ቢያንካ ግዙ። አይብ የለበትም፣ ቲማቲም የለበትም፤ ሊጥ፣ ዘይትና ጨው ነው። ይህ ምሳ አይደለም። እስከ ምሳ የሚያደርስ ነው።

ፒዛ በቁራጭ ሲሸጥ የሚከፈለው በሚዛን ነው። ሻጩ ቢላዋውን ሊጡ ላይ አድርጎ "ይህን ያህል?" በሚል ዓይን ያያችኋል። በእጃችሁ ወዲህ ወይም ወዲያ አሳዩት። አንድ "ኤቶ" 100 ግራም ነው፤ የተለጠፈው ዋጋ በኤቶ ነው ወይስ በኪሎ የሚለውን እዩ።

5. ምሳ፦ ቴስታቾ

ከካምፖ ተነስታችሁ በአሮጌው የአይሁድ ሰፈር በኩል አድርጋችሁ፣ ከዚያ የቴቬሬን ወንዝ ተከትላችሁ ወደ ደቡብ ሂዱ። የአይሁድ ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1555 በጳጳሱ ትእዛዝ በግንብ የታጠረ ነው። ዋናው መንገድ ቪያ ዴል ፖርቲኮ ዶታቪያ ይባላል፤ እሱን ልብ ብላችሁ አልፉ፤ ለሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ወንዙን ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄዳችሁ ቴስታቾ ትደርሳላችሁ።

ቴስታቾ የቄራ ሰፈር ነበር። ትልቁ ቄራ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ሠርቷል። ሠራተኞቹ ከደሞዛቸው ጋር የሚደርሳቸው ሀብታም የማይበላው ነበር፦ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጭራ፣ ምላስ። የሮም ወጥ ቤት ዋና ዋና ምግቦቹን ያወጣው ከዚያ ነው። ዱለት የሚወድ ሰው እዚህ አይከብደውም። ትሪፓ አላ ሮማና ጨጓራ በቲማቲም ሆኖ፣ የበግ አይብና የናና ዓይነት ቅጠል ይገባበታል። ኮዳ አላ ቫቺናራ የበሬ ጭራ ነው፤ ከሴለሪና ከቲማቲም ጋር ለሰዓታት ይቀቀላል። ሥጋው በማንኪያ ይለቃል።

ገበያው አሁን ያለበት አዲስ ሕንጻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እሁድ ዝግ ነው። ከ8 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ሻጮቹ ማጠብ ይጀምራሉ። ሞርዲ ኤ ቫይ የሚባል ሱቅ ፈልጉ። ፓኒኖ ኮን ላሌሶ እዘዙ፦ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የላም ሥጋ ነው፤ ዳቦው መረቁን ነካ ተደርጎ፣ ከፈለጋችሁ መራራ ጎመን ተጨምሮበት ይሰጣል። ወረፋ አለው። ቁሙለት። እጃችሁ ይጨማለቃል፤ ሶፍት ብዙ ውሰዱ።

6. የማትበሉትን እንዴት ትጠይቃላችሁ

ይህ ክፍል ለኛ ሰው ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ነው።

የሮም አራቱ ስመ ጥር ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጓንቻሌ አለባቸው፤ ጓንቻሌ የአሳማ ጉንጭ ነው። አማትሪቻና ቲማቲም ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቅ ያዘዋል። አሳማ የማትበሉ ከሆነ ለናንተ የቀረው ካቾ ኤ ፔፔ ነው፦ የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። እንዳትከፉ፤ ከአራቱ ከባዱ አሠራር እሱ ነው። አይብና የፓስታው ውሃ ካልተዋሃዱ ይጓጉላል፤ የወጥ ቤቱ እጅ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሜኑ ላይ እነዚህን ካያችሁ ሁሉም አሳማ ናቸው፦ ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ስፔክ፣ ላርዶ፣ ሞርታዴላ፣ ፖርኬታ። ሳልሲቻም አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነው። ስትሩቶ የአሳማ ስብ ነው፤ አንዳንድ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ሳልቲምቦካ የጥጃ ሥጋ ነው ቢሏችሁ እውነት ነው፤ ላዩ ላይ ግን ፕሮሹቶ አለበት። ብሬዛኦላ የበሬ ሥጋ ነው። ከላይ ያወደስኩት የበሬ ጭራም ቢሆን አንዳንድ ቤት ሲቁላላ ላርዶ ይገባበታል። መጠየቅ ነውር የለውም። "ቼ ማያሌ?" ማለት አሳማ አለበት ወይ ነው። "ሴንሳ ማያሌ" ያለ አሳማ። ሙስሊም ከሆናችሁ ተራው ምግብ ቤት ያለው የበሬና የበግ ሥጋ ሐላል ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ዓሣ ወይም አትክልት ይቀላል። ወጡ ላይ ወይን ፈሶ እንደሆነም "ቼ ቪኖ?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ጾም። ረቡዕና ዓርብ ወይም ሁዳዴ ላይ ከደረሳችሁ ሮም ትመቻለች፤ ሰው የሚያስበውን ያህል ሁሉም ነገር አይብ አይደለም። አጭሩ መንገድ ወንድ ከሆናችሁ "ሶኖ ቬጋኖ"፣ ሴት ከሆናችሁ "ሶኖ ቬጋና" ማለት ነው። ስለ ኦርቶዶክስ ጾም ለአስተናጋጁ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦ ፔኔ አላራቢያታ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ቢጤ ያለው፤ "ሴንሳ ፎርማጆ" ማለት እንዳትረሱ፣ አለዚያ አይብ ይነሰንሱበታል። ስፓጌቲ አሊዮ ኤ ኦሊዮ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ። ፒዛ ማሪናራ፣ በፎርኖ ደግሞ ፒዛ ሮሳ፤ ሁለቱም አይብ የላቸውም። ጎመን ወዳጆች ቺኮሪያ ሪፓሳታ ይዘዙ፤ ተቀቅሎ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ደግሞ የተጠበሰ ነው፤ ከዳቦ ጋር ራሱን የቻለ ምሳ ይሆናል።

ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ እንቁላል ነው፦ ስፓጌቲና ፔኔን የመሰለ ደረቅ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የለውም፤ ፌቱቺኔ ግን አለው። ሁለተኛው አሊቺ የሚባል ትንሽ ዓሣ ነው። ፑንታሬሌ የሚሉት ሰላጣ ሲያዩት ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ ማጣፈጫው ውስጥ ግን የተፈጨ አሊቺ አለ። የሽምብራ ሾርባ ላይም ይገባል።

እንጀራ ናፈቀኝ የሚል ካለ ተርሚኒ ጣቢያ ዙሪያ የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በያይነቱ ታገኛላችሁ። የሦስት ቀን ጉዞ ላይ ባትሄዱ ይሻላል እላለሁ። ሳምንት ከቆያችሁ ግን ሂዱ።

7. ከሰዓት፦ የአበበ መንገድ

ከምሳ በኋላ አቬንቲኖ ኮረብታ ውጡ። አስራ አምስት ደቂቃ ዳገት ነው፤ ለበላ ሰው ይጠቅማል። ላዩ ላይ የማልታ ባላባቶች በር አለ። ሰዎች ቁልፍ ማስገቢያው ላይ ዓይናቸውን አስጠግተው ታያላችሁ፤ በቀዳዳዋ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ልክ መሀል ላይ ይታያል። ትንሽ አለፍ ብሎ የብርቱካን ዛፍ ያለበት የአትክልት ቦታ አለ። አግዳሚ ወንበር አለው። እዚህ እግር አሳርፉ።

ከዚያ የጥንቱ የሠረገላ እሽቅድምድም ሜዳ ወደነበረው ቺርኮ ማሲሞ ውረዱና እስከ ጫፉ ሂዱ። ጫፉ ላይ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ነው። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሕንጻ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር፤ የሞሶሎኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ካመጣው ጀምሮ በ2003 እስኪነቀል ድረስ። በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ቆሟል። አሁን በቦታው የሴፕቴምበር 11 ሟቾችን የሚያስታውሱ ሁለት አምዶች ናቸው ያሉት። ለሚያልፈው ቱሪስት ቦታው ምንም አይደለም፤ ማንም ካሜራ አያወጣም። ለኛ ግን የሚያስቆም ነው።

ወደ ሰሜን የሚወስደውን ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ያዙ። በሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ምሽት አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን የጨረሰው በዚህ አቅጣጫ ሮጦ ነው። ውድድሩ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነስቶ፣ በአሮጌው የአፒያ መንገድ ዞሮ፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው ያለቀው። ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የወጣው ሐውልቱ አካባቢ ነበር። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። እናንተ ከአምዶቹ እስከ ቅስቱ በአስር ደቂቃ ትደርሳላችሁ፤ ኮሎሲየም እዚያው ነው። የመግቢያ ትኬታችሁን ለዚህ ሰዓት ቆርጣችሁ ከሆነ አሁን ግቡ።

ታሪክ የሚወድ ሰው በማግስቱ ተርሚኒ ፊት ለፊት ያለውን አደባባይም ይይ። ፒያሳ ዴይ ቺንኬቼንቶ፣ የአምስቱ መቶዎች አደባባይ ነው የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በየቀኑ ስንት ሐበሻ ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል።

8. እራት፦ ቤቱን ከውጭ እወቁት

ከኮሎሲየም ወደ ሞንቲ ሰፈር አስር ደቂቃ ነው። ቤት ስትመርጡ ሜኑውን ከማንበባችሁ በፊት በሩን እዩ። እንደ ታክሲ ረዳት እየጠራ የሚያስገባ ሰው ካለ እለፉ። የምግብ ፎቶ የተለጠፈበት፣ ሜኑው በስድስት ቋንቋ ከነባንዲራው የተጻፈ፣ "ሜኑ ቱሪስቲኮ" የሚል ሰሌዳ ያለው፣ ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ሰው እያበላ ያለ፣ ሁሉንም እለፉ። ጥሩ ምልክት የሚሆነው አጭር ሜኑ፣ በጣሊያንኛ፣ አንዳንዴም በእጅ የተጻፈ ነው። ከትልቁ አደባባይ ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ግቡ። ዋጋውም ምግቡም ይለወጣል።

ጠረጴዛ ካልያዛችሁ በሩ እንደተከፈተ ድረሱ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ የነበረ ቤት 3 ሰዓት ላይ በር ላይ ሰው ያቆማል። የማረፊያችሁን ሰው ስልክ ደውሎ እንዲይዝላችሁ መጠየቅም ይቻላል፤ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል።

ሜኑው አምስት ክፍል አለው፦ አንቲፓስቲ፣ ፕሪሚ፣ ሴኮንዲ፣ ኮንቶርኒ፣ ዶልቺ። ሁሉንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም። አንቲፓስቲ መክፈቻው ነው፤ ፕሪሚ ፓስታው፤ ሴኮንዲ ሥጋና ዓሣው፤ ኮንቶርኒ አትክልቱ፣ ለብቻው የሚታዘዝ፤ ዶልቺ ጣፋጩ። አንድ ፕሪሞና አንድ ኮንቶርኖ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። በአንድ ሳህን ለሁለት መብላት እዚያ ብዙም ስላልተለመደ ለሁለት የምትካፈሉ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ አስተናጋጁ ተጨማሪ ሳህን ያመጣል።

ዓሣ ስታዙ ዋጋው አጠገብ "ኤቶ" የሚል ቃል አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ካለ የተጻፈው ለ100 ግራም ነው፤ ሙሉ ዓሣው ስድስትና ሰባት እጥፍ ሊመጣ ይችላል። ሳይበስል አስመዝኑና ዋጋውን አስነግሩ። ውሃ በጠርሙስ ይመጣል፣ ይከፈልበታል፤ ናቱራሌ ጋዝ የሌለው ነው። ሂሳቡ ላይ ኮፔርቶ ወይም ፓኔ የሚል አንድ ሁለት ዩሮ በሰው ብታዩ አትጣሉ። የጠረጴዛና የዳቦ ነው፤ ሜኑው ላይ መጻፍ ግን አለበት። ቲፕ ግዴታ አይደለም። ደስ ካላችሁ ሳንቲሙን ተዉ።

ሂሳብ ካልጠየቃችሁ አይመጣም። ረስተዋችሁ አይደለም፤ ሰው ሳይጨርስ ወረቀት ማቅረብ ማባረር ስለሚመስል ነው። "ኢል ኮንቶ፣ ፔር ፋቮሬ።"

9. ማታ

ጄላቶ ስትገዙ ከቀለሙ ሽሹ። ፒስታቹ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ከሆነ ቀለም ነው፤ እውነተኛው ደብዘዝ ያለ ቡናማ አረንጓዴ ነው። ሙዝ ቢጫ መሆን የለበትም። እንደ ተራራ ተቆልሎ በመስታወት የሚታየውን ተዉት። በብረት ክዳን የተሸፈነውን ፈልጉ።

ቦርሳ ወደ ፊት፣ ስልክ ከኋላ ኪስ ውጭ። ተርሚኒ፣ 64 ቁጥር አውቶቡስና ትሬቪ ፏፏቴ ላይ በተለይ ንቁ። የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል፤ ለማረፍ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እግር ሲያምጽ የአውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ ለ100 ደቂቃ ይሠራል። ስትገቡ ማሽኑ ላይ ማስመታት አለባችሁ፤ አለዚያ ተቆጣጣሪ ካገኛችሁ ትኬት እንደሌላችሁ ነው የሚቆጠረው።

10. ሁለተኛው ቀን

የአይሁድ ሰፈሩን ለምሳ አድርጉት። ኮሸር፣ ማለት በአይሁድ ሕግ የሚያበስል ምግብ ቤት ውስጥ አሳማ የለም፤ ስለዚህ ከላይ ስለ አሳማ የተጻፈው ጥያቄ ይቀርላችኋል። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ከሆነ ካርቾፊ አላ ጁዲያ ብሉ፦ አርቲቾክ በዘይት ተጠብሶ ቅጠሉ እንደ ቺፕስ የሚንኮሻኮሽ። ዘይትና ጨው ብቻ ስለሆነ ለጾመኛም ይሆናል። ዓርብ ማታና ቅዳሜ ኮሸር ቤቶቹ ዝግ ስለሆኑ ቀኑን አስሉ።

ወይም በፖንቴ ሲስቶ ድልድይ ተሻግራችሁ ትራስቴቬሬ ሰፈር ሂዱ፤ ጠዋት ጭር ሲል ነው የሚያምረው። ከዚያ ጃኒኮሎ ኮረብታ ውጡ። ከተማው በሙሉ ከሥራችሁ ይዘረጋል። ልክ 6 ሰዓት ላይ መድፍ ይተኮሳል፤ እዚያው ኮረብታ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ሲሆን ዛሬም በየቀኑ ይተኮሳል። ሕፃን ከያዛችሁ ጆሮውን ሸፍኑ። ቁልቁለቱ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ታች ስትደርሱ ትራስቴቬሬ ያሉት ምግብ ቤቶች ለምሳ እየከፈቱ ነው።